ከዳሱ ሥር የቀረው ጉድጓድ

ከቤታችን ጓሮ፣ ከግራሩ ሥር፣ አንድ ጉድጓድ ነበር። ጠባብ ነው፤ ሰው ዳሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ቢሰድበት ከጉልበቱ በላይ ይውጠዋል። አባቴ ሸማኔ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ነው።

ባለፈው ሰሞን ቀበሌው አዳራሽ ሰበሰቡንና አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ፣ «ሴት ልጆቻችሁን በቤት ውስጥ ሙያ አብቋቸው፣ የራሳቸው ገቢ ይኑራቸው» ስትል ዋለች። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። ክፉ ነገር አልተናገረችም። ግን ነገሩ ዛሬ የተጀመረ መስሏት ከሆነ ተሳስታለች። በጃንሆይ ጊዜ፣ በኛ ጓሮ፣ ተጀምሮ ነበር። ያለቀውም በሠርግ ነው። ይህንኑ ልጽፍ ተነሣሁ። ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የተጣመመ ቢኖርበት የኔ ነው።

ያን ጊዜ በኛ አገር ሸማኔ ማለት ምን እንደነበር የዛሬ ልጅ አያውቅም። ልብሱን ሁሉም ይለብሳል፣ ሠሪውን ማንም አይጠጋም። ገበሬው አባቴ የሠራውን ጋቢ ተከናንቦ ደጀ ሰላም ይሳለማል፤ ከአባቴ ጋር ግን ልጅ አይጋባም። ሲቆጣም ሲቀልድም በሸማኔ ስድብ «ቁጢት በጣሽ» ይለናል። ርስት የለንም። እኔ የሰው መሬት በእኩል አርሳለሁ፣ በሬውም የሰው ነው። አባቴን ልጁ የሚሆን ጎረምሳ እንኳ «አንተ» ነበር የሚለው። አባቴ «አቤት» ይላል። አይቆጣም። ቀና ብሎ አያየውም፣ እጁም ሥራውን አይተውም።

አገራችን ደጋ ነው፣ ጉድጓዱም እርጥብ ነው። ብርዱ በእግር ይገባል። አንድ ክረምት የአባቴ ጉልበት ተያዘ፤ ሲበጋም አልተፈታም። በዚያ ወራት ከእርሻ ስመለስ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሯን ሰዳ የተቀመጠችው ታናሽ እህቴ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምራ ማጉን በመቃ ቀሰም ላይ የምትጠቀልልለት እሷ ነበረች። አሁን መወርወሪያውን ራሷ ትወረውራለች። አባቴ ከዳር ቁጭ ብሎ በጭራሮ እያመለከተ፣ «ላላ አድርጊ፣ አትጎትቺው» ይላታል።

«ምንድን ነው ይህ?» አልሁት።

«ድሩ ተዘርግቶ ይበስብስ?»

«ሴት ጉድጓድ ገብታ አይተን እናውቃለን?»

«አናውቅም። አሁን አየህ፤ ዝም በል።»

«እኔ አልሠራም ነበር?»

«አንተ?» አለና ሳቀ። «ያንተ እጅ እኮ ሞፈር ነው።»

እውነቱን ነው። ሞክሬ አውቃለሁ፤ ያልበጠስሁት ክር አልነበረም። በማግስቱ በጓሮው ዙሪያ አጥር ሠራሁ፣ ከመንገድ እንዳትታይ። አባቴ ዝቅ አልህ፣ ከፍ አልህ እያለ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ዋለ።

ለብዙ ጊዜ ማንም አላወቀም። ሰው ፈትሉን ለአባቴ ያስረክባል፣ ሸማውን ከአባቴ እጅ ይቀበላል። በኛ አገር ወጉ እንዲህ ነው፤ ሴቲቱ በቤቷ ትፈትላለች፣ ልቃቂቱን ባሏ ወይም ወንድ ልጇ ለሸማኔ ያደርሳል፣ ሸማኔው ሠርቶ በእህል ይከፈለዋል። የፈተለችው ሴት ከሸማኔው ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ትኖራለች። ልብሱ ጠበበ ብትል፣ ሳሳ ብትል፣ ለማን ትናገራለች?

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን አባቴን ፍለጋ መጣች። ከአራስ ቤት ከወጣች ገና ብዙም አልቆየች። አባቴ አልነበረም። የመወርወሪያውን ድምፅ ሰምታ አጥሩን ገለጥ አደረገችው። እኔ እዚያው ማረሻ እስል ነበር።

«ውይ በሞትሁት! አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ሰው ይሰማል» አለች እህቴ።

«የፋሲካውም ነጠላዬ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እኔ እኮ ሰውየው ሲያረጅ እጁ ተፈታ ብዬ፣ ስንቱን ሳመሰግን ከረምሁ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ከጉድጓዱ ዳር ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚማ፣ ወገቤ አልገጠም ብሎኛል። መቀነቱ ጠባብ ነው፣ እንደ ገመድ ይቆርጠኛል። ይህን ላባትሽ እንዴት ብዬ ልንገር?»

እህቴ ወደኔ ዞር ብላ፣ «ወንድምዓለም፣ አንተ እስቲ በሬዎቹን እያቸው» አለችኝ። በሬዎቹ ምንም አልሆኑም። ሄድሁ።

ያን መቀነት ስትሠራው አየሁ። ወገብ ላይ የሚያርፈውን ሰፋና ጠበቅ፣ የሚቋጠረውን ጫፍ ለስለስ አድርጋ። ሴትዮዋ ታጥቃው ውኃ ወረደች፤ ወንዝ የወረደች ሴት ደግሞ ምሥጢር አትጠብቅም። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ራሳቸው ይመጡ ጀመር። ልቃቂታቸውን በጉያቸው ይዘው በጓሮ ይገባሉ፣ ከጉድጓዱ ዳር ይቀመጣሉ፣ የወገባቸውንም የባላቸውንም ያወራሉ። ለባሎቻቸው ግን «ሽማግሌው ሠራው» ነው የሚሉት። አገር ሁሉ ያውቃል፣ አገር ሁሉ አላወቀም።

ሥራው ሲበዛ የሴቶቹ ፈትል ብቻውን አልበቃት አለ። እናቴ ከቆላ የሚወጣውን ጥጥ በእህል እየለወጠች ታመጣ ጀመር። ድር የሚሆን ቀጭን ክር ደግሞ ሁሉም አይፈትልም። እህቴ የሰፈር ልጃገረዶችን ሰበሰበች። እሷ ሸማውን ትሠራለች፣ እነሱ ከአጥሩ ሥር ተደርድረው እንዝርት ያሾራሉ፣ ድርሻቸውን በቁና ይዘው ይገባሉ። ከነሱ አንዷ በልጅነቷ ተድራ ከባሏ ቤት ኮብልላ የመጣች ናት። አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ነበር። አክስቷ በየቀኑ «ሂጂ፣ ከወገኖቹ አታጣይኝ» ትላታለች። ልጅቷ እህል ይዛ መግባት ስትጀምር ግን አክስት ዝም አለች። እህል የምታመጣ ልጅ ማን ያባርራል?

ሸማውን ደብረ ማርቆስ ገበያ የማወጣው እኔ ነኝ፤ እናቴ ትሸጠዋለች። «የማን እጅ ነው?» ሲሏት «የቤታችን» ትላለች። ይጁቤ ገበያም ወስደናል። እህቴ ከድርሻዋ ጊደር ገዛች። ከዚያ ሌላ ጊደር። በግቢያችን የራሳችን ከብት ቆሞ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ማታ ማታ እያነከሰ ይወጣና ጀርባቸውን ይደባብሳል።

እነዚያ ጊደሮች ናቸው ጉድ ያመጡት።

በኛ አገር የወንድ ወገን ለሙሽሮቹ ከብት ሲያቆም፣ የሴትም ወገን ያንኑ ያህል ያቆማል። ይተያያሉ። ሸማኔ ለገበሬ ልጁን የማይድርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሚያቆመው የለውም። አሁን ግን የኛ ግቢ ከብት አለው። ከቁይ ከተማ ወዲያ ያለ፣ መሬቱ ሰፊ፣ ልጆቹ ብዙ የሆነ አንድ ባለ ርስት ይህን ሰማ። ለትንሹ ልጁ ሽማግሌ ሰደደ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ደንቡን አደረሱ። ሁለቱ የተከናነቡት ጋቢ እህቴ የሠራችው ነው፤ ጥለቱን አውቀዋለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አባቴን፣ «አንቱ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለው።

አባቴ አንቱ ተባለ። ዱላውን አጥብቆ ያዘ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ሽማግሌው። «ስለ ጓሮው ሰው ያወራል። እኛ አላመንንም። ግን በሠርጉ ዕለት ዓይን የሚያርፍበት ነገር ባይኖር።»

«አይኖርም» አለ አባቴ። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እህቴ ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም። ድሮም አታለቅስም።

«አባዬ፣ ጊደሮቹ የኔ ናቸው» አለችው።

«ያንቺ ናቸው። ይዘሻቸው ትሄጃለሽ።»

«እንግዲያው የምሠራበትንም ይዤ ልሂድ። ባልየውን አልጠላም፣ አላውቀውም። እቃዬን ይዤ ልሂድ ነው የምልህ።»

«በሰው ርስት ላይ ጉድጓድ ልትቆፍሪ? ልጅሽ ቁጢት በጣሽ ይባል?»

«እኔ ተብያለሁ። ሞትሁ?»

«እኔ ሞቻለሁ» አለ አባቴ። «በየገበያው ሞቻለሁ። አንቺ አላየሽኝም እንጂ።»

እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም። እኔ፣ «ልጅቱ ካልወደደች ለምን አትተዋትም?» አልሁ። «አንተ በሰው በሬ የምታርስ፣ እህትህ የሰው በሬ እንዳትለምን ነው የማደርገው» አለኝ። ዛሬ ድረስ ለዚያ ነገር መልስ የለኝም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ከዚያ ጉድጓድ ሊያወጣት ነው የፈለገ። ጉድጓዱ ለሱ መቃብሩ ነበር። ለሷ ግን ቤቷ ሆኗል። ይህን ሁለቱን ማን ያስታርቃል?

በግቢያችን ዳስ የሚጣልበት ደልዳላ ቦታ ያው ከግራሩ ሥር ነው። ሠርጉ ሲቃረብ አባቴ፣ «ጉድጓዱን ድፈነው» አለኝ።

«አልደፍንም።»

«ምን አልህ?»

«አልደፍንም። ደፋኝ ፈልግ።»

ፈለገ፣ አገኘም። ለሠርግ ሥራ እጁን የማይሰጥ ጎረቤት የለም። አጥሬን አፈረሱት። የሸማውን እቃ ነቃቀሉና ደህና ደህናውን እንጨት ለዳሱ ቋሚ አደረጉት። ድሩ ላይ እኩሌታው የተሠራ መቀነት ነበር፤ አንዱ በማጭድ ቆረጠው። ያች መቀነት ያሠራችው ጎረቤታችን ለጠላው ጌሾ ስትወቅጥ ቆማ አየች። «ደግ ነው፣ ወግ ማዕረግ ደረሳት» አለች። ዓይኗን ጠረገችና መውቀጧን ቀጠለች። እህቴ ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሹሩባ ይሠሯት ነበር። የአፈሩን ድምፅ መስማቷን አውቃለሁ፤ ግድግዳው ቀጭን ነው።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞላ። ከብቱ ከከብቱ ተያየ፤ ጊደሮቿን ሽማግሌ አያቸው፣ አመሰገናቸው። በገዛ ሸማዋ የገዛቻቸው ከብቶች እሷኑ ከሸማው ማውጫ ሆኑ። ከዚያ ጭፈራ ሆነ። አዲስ የተደፈነ አፈር ደግሞ አይታመንም። ሰው ሲረግጠው ሲረግጠው ቀስ እያለ ሰመጠ፣ ከሙሽራው ወገን አንዱ ጎረምሳ እግሩ ገባበትና በአፍጢሙ ተደፋ።

«ያዙኝ! የሸማኔ ግቢ እግር ይይዛል!» ብሎ ጮኸ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም አውቆ ኖሯል። አባቴን አየሁት፤ አብሮ ይስቃል። ጥርሱ ሁሉ ታይቷል። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ዳግመኛም እንዳላይ አልሁ።

እህቴን በበቅሎ ወሰዷት። ከሠርጉ በኋላ ልጃገረዶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ቀን በቀን ይመጡ ነበር። ከግራሩ ሥር ትንሽ ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ። ኋላ መምጣቱንም ተዉት። ያችን የኮበለለች ልጅ አክስቷ እጇን ይዛ ለባሏ ወገኖች አስረከበቻት። በደጃችን ሲያልፉ አየኋት። ወደ ጓሯችን አላየችም።

ከርሞ ቁይ ወዲያ ልጠይቃት ሄድሁ። እናቴ በአገልግል ባዘቶ ጥጥ ሰድዳላታለች፣ እንድትፈትል። አማቷ ሲበዛ ደግ ሴት ናት፤ እግሬን አሳጠበችኝ፣ አበላችኝ። ጥጡን ስታይ ግን ሳቅ ብላ አነሣችውና፣ «ይህንስ ለኔ ያድርጉት» አለችኝ። «ልጃችን እዚህ አትፈትልም።»

«ሴት አይደለችም እንዴ? የማትፈትል ሴት አለች?»

«የሌላው ሴት ፈተለች ይባላል። የሷን ግን ሰው አይቶ ምን እንደሚል ያውቃሉ። ለሷው ብለን ነው።»

እህቴ ወጥ እያወጣች ነበር። ቀና አላለችም። የወፍጮ እጅ ሆኗል እጇ፣ መዳፏ ተሰነጣጥቋል። ስሄድ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። አርግዛለች።

«ይሰድቡሻል?» አልኋት።

«ደግ ናቸው። ሲጣሉ ብቻ ነው የሚሉኝ።» ትንሽ ሄደችና፣ «ጉድጓዱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ሰምጧል። ክረምት ውኃ ይቋጥራል።»

«አባዬ በሕይወት ካለ አይሆንም። ሲሆንልህ ክፈትልኝ። እመጣለሁ። የሚወለደው ሴት ከሆነ አስተምራታለሁ።»

«ትፈቺዋለሽ?»

«በኛ አገር ስንት ሴት ባሏን ፈትታ ትገባ የለም? እኔ ምን ይበልጥብኛል? ብቻ አንተ ክፈተው።»

ይህን ቃል ይዤ ገባሁ። ዓመታት ሄዱ። አባቴ የጉልበቱ ሕመም ደረቱ ድረስ ወጣበትና ሞተ። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ከቀበርነው በኋላ ዶማ አንሥቼ ከግራሩ ሥር ገባሁ። አፈሩን ረግጠው ረግጠው ድንጋይ አድርገውታል። ቆፈርሁት። ዳሩን በጭቃ ለሰንሁ። እንጨት ቆርጬ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ፣ ቋሚዎቹን ተከልሁ። አጥሩንም መልሼ አጠርሁ። እናቴ ከደጃፏ ሆና ታየኛለች። «ለማን ነው?» አላለችኝም።

እህቴ ለተዝካሩ መጣች። ከባሏ፣ ከባሏ እህትና ከሴት ልጇ ጋር። ልጅቷ ነገር የማይቀራት፣ ሁሉን የምትጠይቅ ናት። ሰው በደጃፉ በተጣለው ጠባብ ዳስ ሲበላ እህቴን በዓይኔ ጠቀስኋትና ወደ ጓሮ ሄድን። ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ ተከተለቻት። የባሏም እህት ትንሽ ራቅ ብላ መጣች፤ ግቢውን ልታይ ነው።

እህቴ ከጉድጓዱ ዳር ቆመች። ቋሚዎቹን አየች፣ አንደኛውን በእጇ ነቀነቀችው፤ አልተነቃነቀም። ቁጢጥ ብላ የለሰንሁትን ዳር በመዳፏ ዳበሰችው። «አሳምረኸዋል» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። አሁን እግሯን ትሰዳለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

እህቴ እጇን ከዳሩ ላይ አነሣች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይህ ጉድጓድ?»

የባሏ እህት ቆማ ትሰማለች። እህቴ ወደሷ አላየችም። ወደኔም አላየችም። ልጇን አየች፣ ረዥም ጊዜ። ከዚያ ብድግ ብላ የቀሚሷን አፈር አራገፈች።

«የእህል ጉድጓድ ነው» አለቻት። «የአያትሽ የእህል ጉድጓድ ነበር።»

ልጅቷ አጎንብሳ ወደ ውስጥ አየች። «እህሉስ የታል?»

«አለቀ» አለቻት።

እጇን ይዛት ወደ ዳሱ ተመለሰች። በማግስቱ ወደ ቁይ ሄዱ። ባሏን አልፈታችም። ኋላም እዚያው ሞተች፣ ርስታቸው ላይ ተቀበረች። በቀብሯ ላይ ስለ ሙያዋ ያነሣ ሰው የለም። እኔም ላነሣ ብዬ ልጇን አየሁና አፌን ያዝሁ።

ጉድጓዱን አልደፈንሁትም። ክረምት ሲመጣ ውኃ ይሞላል፣ በበጋ ዶሮ ይገባበታል። ቋሚዎቹን ምስጥ በላቸው። የእህቴ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ለበዓል ስትመጣ አሁንም «የአያቴ የእህል ጉድጓድ» ትለዋለች። እናቷ እንዲያ ካለቻት እኔ ምን ልላት?

ይህን ብታነብ ታውቀው ነበር። ፊደል አላስተማሯትም።